በዓምዱ ውስጥ የሌሉት

በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ጅማ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የሒሳብ መምህርቷ ተናኘ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ አንድ ሳህን በቆሎና አንድ ሳህን ቦሎቄ ይዛ አሥረኛ ሐ ክፍል ገባች። ተማሪዎቹ ንፍሮ ሊቀቀል ነው ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። በክፍል ውስጥ መሳቅ የምታዘወትር ሴት አልነበረችም። ከአንኮበር መጥታ ጅማ ስታስተምር ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ተማሪው ኮቴዋን ሲሰማ የተቀዳደደ ደብተሩን ሳይቀር አስተካክሎ ይቀመጣል።

ያን ዓመት ግን ግራፍ የሚለው ምዕራፍ ሰልችቷት ነበር። መጽሐፉ ምሳሌ የሚያደርገው የስንዴ ምርትንና የትራክተርን ብዛት ነው። ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ይፈተኑበታል፣ ይረሱታል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት "ስለ ጎጂ ልማዶች ተማሪውን አስተምሩ" የሚል ደብዳቤ መጣ። ሌሎቹ መምህራን በሰልፍ ሜዳ ላይ ተራ በተራ ንግግር አደረጉ። ተማሪው አዛጋ። ተናኘ ከሰልፉ ስትመለስ አንድ ነገር አሰበች፦ ለምን ራሳቸው አይቆጥሩም?

"ስማችሁን አልጠይቅም" አለች ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። "ጣሳው ከጎናችን ባለችው ዕቃ ቤት ይሆናል፤ አንድ በአንድ ትገባላችሁ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ አጥንታችሁ ለማደር ወይም ከጓደኛ ጋር ለመጫወት ብላችሁ ጫት ከቃማችሁ፣ ሲጋራ ካጨሳችሁ፣ ወይም እንቅልፍ የሚያባርር ክኒን ከዋጣችሁ አንዲት ቦሎቄ ጣሳው ውስጥ ትጥላላችሁ። ካልሆነ በቆሎ። ማንም አያያችሁም።"

"ቲቸር፣ ከአባቴ ጋር ለዱዓ የቃምኩትስ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"እሱን አልጠየቅኩም። ያልተጠየቅከውን አትመልስ።"

ሦስት ቀን ሙሉ ጣሳው ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዞረ። በአራተኛው ቀን ተናኘ ውጤቱን በሰሌዳው ላይ አራት ዓምድ አድርጋ ሣለችው። ዘጠነኛ ክፍል ከመቶ አሥራ አንድ። አሥረኛ አሥራ ስምንት። አሥራ አንደኛ ሠላሳ ሰባት። አሥራ ሁለተኛ ሃያ ሁለት።

"ይህ ባር ግራፍ ይባላል" አለች።

"ባር ውስጥ እንኳ ጫት አይቃምም፣ ቲቸር!" አለ እሱባለው የሚባለው የክፍሉ ተጫዋች፤ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

"እሺ እሱባለው፣ ባሩን የምታውቀው አንተ ነህና ተነሣና አንብበው።"

እሱባለው አንገቱን አክኮ ተነሣ። ግን ሞኝ ልጅ አልነበረም። "ከዘጠኝ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል። አሥራ አንደኛ ላይ ጣራ ይነካል። ከዚያ አሥራ ሁለተኛ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ሲደርሱ ልብ ይገዛሉ፣ ይተውታል ማለት ነው።"

ተናኘ "ጎበዝ" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እሷም ማታ ቤቷ ቁጥሮቹን ስትደምር ያሰበችው ይህንኑ ነው። ደስም ብሏት ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው ሻርፕ ያሰረች ልጅ ግን እጇን አነሣች። ስሟ ከድጃ ነው፤ ዝምተኛ ናት።

"ቲቸር፣ ወንድሜ የትኛው ዓምድ ውስጥ ነው?"

"እንዴት ማለት?"

"አምና አሥራ አንደኛ ነበር። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ መሆን ነበረበት። ጣሳው ሲዞር እዚህ የለም። የሱን ቦሎቄ ማን ጣለለት?"

 ተናኘ ወደ ሰሌዳው ዞረች። አራተኛው ዓምድ በድንገት ሌላ ነገር መሰላት። ልብ ገዝተው ከተዉት ይልቅ ጨርሶ እዚያ ያልደረሱት ቢሆኑስ?

"ወንድምሽ ማን ይባላል?"

"ሸኩር። ሸኩር ጀማል። እርስዎ ነዎት ያስተማሩት።"

አስታወሰችው። አምና ግንቦት ላይ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ልጅ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ስታገኘው "ይህ መኝታ ቤት አይደለም፤ እንቅልፍህን ቤትህ ጨርሰህ ና" አለችው። ተማሪው ሳቀ። ልጁ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። እሷ ከስሙ ትይዩ "ቀረ"፣ "ቀረ" እያለች መዘገበች፤ ሰኔ ሲመጣ መዝገቡን ዘጋችና ሌላ ሥራ ያዛት። የት ገባ ብላ አልጠየቀችም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከድጃን አስከትላ የአምናውን የስም መጥሪያ መዝገቦች ከዕቃ ቤት አወጣች። አምና አሥራ አንደኛ ክፍል የነበሩት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ የደረሱት መቶ አርባ ዘጠኝ። ሃያ ስምንቱ ወድቀው አሥራ አንደኛን እየደገሙ ነው። ሠላሳ አምስቱ በየትኛውም ክፍል የሉም። ስድስቱ በዝውውር ደብዳቤ ሄደዋል፤ ሦስቱ ሴቶች አግብተዋል። ሃያ ስድስቱ ግን እንደ ጤዛ ጠፍተዋል።

"ሁሉም ይቅሙ ነበር ማለት ነው?" አለች ከድጃ።

"አናውቅም። የማናውቀውን ደግሞ መሙላት አይገባንም።" ተናኘ በወረቀቱ ላይ ከአራተኛው ዓምድ ጫፍ በላይ በነጠብጣብ የተሠራ ሌላ ዓምድ ሣለችና ከላዩ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት። "ይህን ያህል ነው የምናውቀው። የጎደለ እንዳለ።"

*

የከድጃ እናት ወይዘሮ መሪማ አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር፣ ከተናኘ ቤት ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ የሟች ባለቤታቸውን የልብስ ስፌት መኪና ተረክበው የሚሰፉ ሴት ናቸው። ተናኘ ስትገባ ፔዳሉን አቁመው ተነሡ። እንግዳዋ ማን እንደሆነች ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። ተናኘ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

"አባቱ የሞተ ጊዜ ሸኩር አሥረኛ ነበር" አሉ ወንበር እየሰጧት። "የዩኒፎርም ስፌት ውል ነበረብን። ቀን ይማራል፣ ሲመለስ ይሰፋል፣ ከዚያ ደግሞ ያጠናል። እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ጀመረ። ኋላ ጫቱ እንቅልፍ ከለከለው። እንቅልፍ ለማምጣት ሌላ ነገር ጠጣ። ጠዋት ለመንቃት ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚውጡትን ክኒን ለመደ። እኔ እናቱ ጎኑ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ስተክል አላየሁም፤ እርስዎ ከስልሳ ልጅ መሀል እንዴት ያዩታል?"

"እኔ ግን አባረርኩት፣ እናቴ።"

"አስተማሪ ሲያስተምር የሚተኛ ልጅ አይወድም። እውነትዎን ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ትምህርት ከተወ በኋላ ቀበሌ ሥራና ትምህርት የሌላቸውን ወጣቶች ይመዘግብ ጀመር፤ ለብሔራዊ ውትድርና። ስሙ እንደተጻፈ ሰማን። ሸቤ አጎቱ ዘንድ ሰደድኩት። አላህ ይጠብቀው።"

ቅዳሜ ጠዋት ተናኘና ከድጃ በአውቶቡስ ሸቤ ወረዱ። ሸኩርን ያገኙት አጎቱ በሚሠራበት የቡና ማስጫ ቦታ፣ ደረቅ ጀንፈል ቡና በማዳበሪያ እየሞላ ነው። ከስቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። እህቱን ሲያይ ፊቱ በራ፤ መምህርቷን ሲያይ ግን የሚዝቅበትን ላይዳ መሬት ላይ ጣለና እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። 

"አካም ጅርታ፣ ሸኩር" አለችው፤ በዘጠኝ ዓመት ካጠራቀመቻት ጥቂት ኦሮምኛ።

"ነጋ ነው፣ ደህና ነኝ፣ ቲቸር።"

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ለምን እንደምትተኛ ሳልጠይቅህ አስወጣሁህ።"

ሸኩር ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። "ኧረ ተዉ፣ ቲቸር። እኔም አውቄ ነው የቀረሁት። ያን ቀን ስወጣ ሲስቁ… ደግሞ ደክሞኝም ነበር።" እጁን በሱሪው ጠረገ። "ሰው ጫት አበላሸው ይላል። እኔን መጀመሪያ ያበላሸኝ እንቅልፍ ማጣት ነው። ጫቱ ኋላ መጣ። ከመጣ በኋላ ግን አልወጣም አለ።"

"አሁንስ?"

"ክኒኑን ትቻለሁ። እዚህ አይገኝም፤ ቢገኝም እንጃ። ጫቱን ግን ውሸት አልነግርዎትም።"

ከድጃ ግራፉን ከደብተሯ አውጥታ ሰጠችው፤ የደገሙትንና የጠፉትንም ቁጥር ነገረችው። ከቡናው ክምር ላይ ተቀምጦ እስኪበቃው አየው። ተናኘ መልኩ ሲለወጥ አየች፤ የደከመው ሠራተኛ ሄዶ ያ አምና አልፎ አልፎ ሲነቃ ከማንም ቀድሞ መልስ የሚያገኘው ልጅ ብቅ አለ።

"አሥራ አንደኛውም ልክ አይደለም፣ ቲቸር።"

"ለምን?"

"የደገሙት እዚህ ውስጥ አሉበት ብላችኋል። ከደገሙት ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አብረን ነበርን። አንዱን ዓምድ ከፍ ያደረገው ሌላው ላይ የጎደለው ሰው ነው። ሁለት ዓመት ተከታትላችሁ ያንኑ ልጅ ካልጠየቃችሁ፣ ጨመረ ቀነሰ ማለት አትችሉም።"

 ይህን ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው ተናኘ አላሰበችውም ነበር።

"ትመለሳለህ?" አለችው በመጨረሻ።

"ቀበሌውስ?"

"እሱን ለእኔ ተወው" አለች። እንዴት እንደምታደርገው ግን አታውቅም ነበር።

*

ሰኞ ዕለት ጓድ ጣሰው አስጠራት። ጣሰው የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ ነው፤ ካድሬ ከመሆኑ በፊት ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የጨጓራ መድኃኒት የሚይዝ ጎልማሳ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀ ነበርና የአሥረኛ ሐ ሰሌዳ ላይ ያየውን ግራፍ ወዶታል።

"በትልቅ ወረቀት ይሣላል" አለ። "ከላዩ 'ንቃት ሲያድግ ሱስ ይወድቃል' ተብሎ ይጻፋል። አሥራ ሁለተኛ ላይ መውረዱ ግሩም ነው።"

"ጓድ ጣሰው፣ መውረዱን እርግጠኛ አይደለንም።" ወረቀቷን ዘረጋችለት፤ ነጠብጣቡን ዓምድና የጥያቄ ምልክቱን አሳየችው። ሃያ ስድስቱንም ነገረችው።

ጣሰው ብዙ አየው። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"ተናኘ፣ እኔ አሥር ዓመት የዝናብ ግራፍ ሳስነብብ ኖሬያለሁ። ያልገባኝ እንዳይመስልሽ። 'የጎደሉት የት ገቡ' ተብሎ ይጠየቃል። ግማሾቹ የት እንደገቡ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ይህ በትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ነጠብጣቧ ትቅር።"

"ልጆቹን ያስተማርኳቸው ግን…"

"ክፍል ውስጥ የምታስተምሪውን አልነካሁም። የማወራው ስለ ግድግዳው ነው።"

ተናኘ ወረቀቱን አጠፈች። አሁን ካላለች መቼም አትልም። "አንድ ልጅ አለ። ከተመለሰ በማታው ክፍለ ጊዜ ይማራል፤ ቀን እናቱን ይረዳል። ስሙ ቀበሌ ተጽፏል።"

ጣሰው ከኪሱ አንድ የጨጓራ ክኒን አውጥቶ አኘከ። "ተማሪ ሆኖ ከተመዘገበ ተማሪ ነው" አለ በመጨረሻ። "አቶ ወልደሰማያት ደብዳቤ ይጻፉለት። እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ። ከዚህ በላይ ግን አትጠይቂኝ። ለሁለተኛ ልጅም አትምጪብኝ።"

ርዕሰ መምህሩ አቶ ወልደሰማያት ደብዳቤውን ሳያንገራግሩ ጻፉ፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱበት። ተናኘ ግን እንደ ልቧ አልተደሰተችም። አንድ ልጅ አተረፈች፣ ለዚያም ዝም አለች። የቱ እንደሚበልጥ ስታመዛዝን ሰነበተች።

ግራፉ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀይና በቢጫ ቀለም ተሰቀለ። ከድጃ አይታው በቀጥታ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ነጠብጣቡስ?"

"ቀረ።"

"እርስዎ ነዎት እኮ የጎደለውን አትርሱ ያሉን!"

ሌሎች መምህራን ተቀምጠው ይሰማሉ። ተናኘ ልትናገር የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ቀስ ብላ ተናገረችው። "ወንድምሽ በሚመጣው ሰኞ ማታ ትምህርት ይጀምራል። ለእናትሽ ንገሪያቸው።"

 ከድጃ ነጠብጣቡ በምን እንደተለወጠ ያኔ የገባት ይመስላል። ይቅርታ ግን አላለችም፤ ተናኘም አልጠበቀችም።

*

ግንቦት ላይ ከክፍለ ሀገሩ አስተዳደር እንግዶች መጡ። ጣሰው ኤግዚቢሽኑን እያስጎበኘ ግራፉ ጋ ሲደርሱ፣ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ፣ "ከተማሪዎቹ አንዱ ያስረዳን" አሉ። ጣሰው እሱባለውን ፈለገ። እሱባለውን ያን ቀን ወባ ጥሎት ነበር። ከወረቀቱ አጠገብ በትር ይዛ የቆመችው ከድጃ ብቻ ናት።

ተናኘ ከአዳራሹ ጥግ ቆማ ነበር። ልጅቷን በዓይኗ ልትለምናት ሞከረች፤ ምን ብላ እንደምትለምናት ግን ራሷም አላወቀችም።

ከድጃ በትሩን ወደ መጀመሪያው ዓምድ አነሣች። ዘጠነኛን፣ አሥረኛን፣ አሥራ አንደኛን በጥራት አነበበች። አራተኛው ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች።

"ይህ ዓምድ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉትን ተማሪዎች ያሳያል። ያሉትን ብቻ። የሌሉትን አያሳይም።"

"የሌሉት የት ሄዱ?" አሉ ሽማግሌው።

ጣሰው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

"ለእሱ ሌላ ግራፍ ያስፈልጋል፣ አባቴ" አለች ከድጃ። "እስካሁን አልሠራነውም።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና ዓምዱን እንደገና አዩት። "ጥሩ አስተማሪ አለሽ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ ቡድኑ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። ጣሰው ከኋላ ቀርቶ ተናኘ አጠገብ ሲያልፍ ሳያያት "ገደለችኝ ይህቺ ልጅ" አለና በረጅሙ ተነፈሰ። ፊቱ ላይ ግን ቁጣ አልነበረም።

ሸኩር በማታው ክፍል ተቀመጠ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተናኘና እናቱ ፈልገው መለሱት። ጫቱን አንድ ጊዜ ትቶ አንድ ጊዜ ጀመረ፤ ኋላ ዓርብ ዓርብ ብቻ አደረገው፤ ከዚያ በላይ አልሄደለትም፤ ማንም አላስገደደውም። በሁለተኛው ዓመት አሥራ አንደኛን በጥሩ ውጤት አለፈ።

ግራፉ በተሰቀለበት ዓመት ክረምቱ ሲገባ ተናኘ የሃያ አምስቱን ስም ዝርዝር ይዛ ከከድጃና ከሸኩር ጋር ማፈላለግ ጀመረች። ስለ ዘጠኙ ብቻ ነው ወሬ ያገኙት። አራቱ በየቡናው ከተማ የቀን ሠራተኛ ሆነዋል። ሦስቱ ማሠልጠኛ ገብተዋል፤ ከአንዱ ብቻ ደብዳቤ መጥቷል። አንዱ ሞቷል፤ እናቱ በምን እንደሞተ መናገር አልፈለጉም፣ ተናኘም አልጠየቀችም። ዘጠነኛው ደበበ ይባላል፤ እሱን ያገኙት አሰንዳቦ፣ መንገድ ዳር ባለች አነስተኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ወፍሯል፣ አግብቷል፣ ቀበሌው ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው ብሎ ከውትድርና ትቶታል።

"ጠፋ ብለን ስንፈልግህ ነበር" አለችው ተናኘ።

"ማ? እኔ?" ደበበ ሳቀ። "ቲቸር፣ እኔ ጫት የሚባል ነገር አልወድም። ትምህርት የተውኩት አባቴ እግሩ ስለተሰበረ ነው። ይኸው በየቀኑ ሰባት አውቶቡስ እያየሁ እዚሁ ነኝ። ማን ጠፋ አላችሁ?"

ከድጃ እርሳሷን አወጣችና ከስሙ ትይዩ በቆሎ ብላ ጻፈች። ደበበ ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባው እስኪነግሩት አልለቅም አለ፤ አውቶቡሱ አምልጧቸው እስከሚቀጥለው ድረስ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው አስረዱት።